ክፉው ሰዓት እስኪያልፍ፦ የስሪላንካ ገጠር እና ራስን የማጥፋት ሞት ከ1950 እስከ 2015

በ1995 በስሪላንካ ከ100,000 ነዋሪ 47ቱ ራሳቸውን አጥፍተው ሞተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ ከዚህ የከፋ ቁጥር የነበራቸው አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በዚያችው በስሪላንካ ግን በ1950 ቁጥሩ ከ10 በታች ነበር። ከ1995 በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ደግሞ የሞቱ መጠን በ70 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዲህ ወጥቶ እንዲህ የወረደ የሞት መጠን በሕዝብ ጤና ታሪክ ብዙ አይገኝም፤ ከሞቱት የሚበዙትም የገጠር ሰዎች ነበሩ።

ጉዳዩን ለጥናት የመረጥሁት ቁጥሩ ስለቀነሰ ብቻ አይደለም። ሞቱ በቀነሰባቸው በእነዚያው ዓመታት ራሳቸውን ጎድተው ወደ ሆስፒታል የሚገቡት ሰዎች አልቀነሱም፤ እንዲያውም ለረጅም ጊዜ እየጨመሩ ሄደዋል። ጭንቀቱ ባለበት ሳለ ሞቱ ቀንሷል ማለት ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚበርድና ከድርጊት የሚለየው ምን እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። ምን ተሠርቶ ምን ሳይሠራ እንደቀረ ለይቶ ለማየትም እንዲሁ ይረዳል።

የገጠሩ ሁኔታ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የስሪላንካ ገጠር ሩዝ አምራች፣ በዘመድና በመንደር የተሳሰረ ኅብረተሰብ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ ምርት የሚሰጡ የሩዝ ዝርያዎች ሲገቡ ማዳበሪያና ፀረ-ተባይ ኬሚካል አብረው ገቡ። ኬሚካሉ በገበያ የሚሸጥ፣ ገበሬው ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጠው ተራ የእርሻ ዕቃ ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተፋጠነው የማሃዌሊ ወንዝ የመስኖ ልማት ደግሞ ብዙ ቤተሰቦችን ከትውልድ መንደራቸው አንሥቶ በደረቁ የአገሪቱ ክፍል በተከፈቱ አዳዲስ ሰፈራዎች አኖራቸው። ሰፋሪው መሬትና ውኃ አገኘ፤ በችግር ጊዜ የሚጠራው አጎት፣ ጠብ የሚያበርድለት ሽማግሌ፣ ሲከፋት እናቷ ቤት ውላ የምትመለስ ሚስት ግን ሩቅ ቀሩ። የሰፈራው ምድር ባለበት በሰሜን መካከለኛው ክፍል የአኑራዳፑራና የፖሎናሩዋ አውራጃዎች ከፍተኛ የሞት መጠን ካስመዘገቡት መካከል ነበሩ።

በዚህ ላይ ዘመኑ የሰላም ዘመን አልነበረም። በ1983 የጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 2009 ቆይቷል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻም በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ደም ያፋሰሰ የወጣቶች አመፅ ነበር። ትምህርት በስፋት ቢዳረስም የተማረው የገጠር ወጣት ሥራ አላገኘም። ብድር፣ የምርት መክሸፍ፣ የወንዶች የመጠጥ ሱስ፣ በትዳር ውስጥ የሚደርስ ድብደባ፣ በወላጅና በልጅ መካከል በጋብቻ ምርጫ የሚነሣ ጠብ፣ እነዚህ ሁሉ በሆስፒታል ከዳኑ ሰዎች አፍ ደጋግመው የተሰሙ ምክንያቶች ናቸው።

የአእምሮ ሕክምናው ሩቅ ነበር። ለአሥርት ዓመታት አገልግሎቱ በትልቋ ከተማ በኮሎምቦ አካባቢ ባሉ ተቋማት የተከማቸ ሲሆን፣ ሐኪሞቹም ለአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ጥቂት ነበሩ። በድባቴ የተያዘ ገበሬ ሕመሙ ስም እንዳለውና እንደሚታከም የሚነግረው ሰው በአቅራቢያው አያገኝም። ሕጉም ሸክም ነበር፤ ከቅኝ ግዛት ዘመን የተወረሰው የወንጀል ሕግ ራስን ለማጥፋት መሞከርን በወንጀልነት ያስቀጣ ስለነበር፣ ከሞት የተረፈ ሰው እርዳታ በሚያስፈልገው ሰዓት ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ፖሊሱንም ማሰብ ነበረበት።

ሐሳቡና ሰዓቱ

ሁሉም ቁጥሮች ተደምረው ያልነገሩንን የነገሩን በገጠር ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተው የተጠየቁ ሰዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ማይክል ኤድልስተንና የስሪላንካ ባልደረቦቹ ራሳቸውን ከመረዙ በኋላ የዳኑ ሕሙማንን ሲያነጋግሩ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከውሳኔ ወደ ድርጊት የተሻገሩት ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደነበር ተረዱ። አብዛኞቹ ስለ ኬሚካሉ አደገኛነት አስበውና አመዛዝነው አልመረጡም፤ የተጠቀሙት በእጃቸው የነበረውን ነው። ለመሞት ቁርጥ ብለው የተነሡም፣ ሕመማቸው እንዲታይላቸው ብቻ የፈለጉም፣ በንዴት ምን እንደሚሹ ራሳቸው ያላወቁም ነበሩ። ኬሚካሉ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም።

በአማርኛ ከባድ መከራ ሲመጣ «ክፉ ቀን» እንላለን፤ ያልፋልና እስኪያልፍ መደጋገፍ እንደሚገባ በቃሉ ውስጥ አለ። በስሪላንካ ገጠር የታየው ከቀንም የሚያጥር ክፉ ሰዓት ነበር። ማታ ነው፤ ሰው ከእርሻ ገብቷል፤ ስለ ብድሩ ወይም ስለ መጠጡ ጠብ ተነሥቷል፤ አንዱ በቁጣ ከቤት ወጥቷል፤ የቀረው ብቻውን ነው። በጓዳው ጥግ የመርጫው ታንክ ቆሟል፤ አጠገቡ ከባለፈው ርጭት የተረፈው ጠርሙስ አለ። እንዲህ ያለ ጠብ በየትኛውም ዓለም በሺህ ቤቶች ይነሣል፤ በማግስቱ አብዛኛው ሰው ተኮራርፎም ቢሆን ቁርስ ላይ ይገናኛል። እዚህ ቤት ግን በዚያ ግማሽ ሰዓት በእጅ የነበረው ነገር ማግስት የሚባል አላስተረፈም። ሆስፒታሉ ቢደረስም በገጠር ያለው ተቋም የመተንፈሻ መሣሪያና ጽኑ ሕክምና ስለሚጎድለው፣ በትልቅ ከተማ ሊተርፍ የሚችለው ሰው እዚህ አይተርፍም።

ከዚህ ግኝት ተነሥቶ የእነዚህ ሰዎች ሥቃይ ቀላል ነበር ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለውን ንባብ ደጋግሜ ስላጋጠመኝ በዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ሐሳቡ ለዓመታት ሲመላለስ የኖረ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ያለበት ሰው ሐሳቡ ለሳምንታት ይተወውና በአንድ ክፉ ዜና ይመለስበታል፤ እንቅልፍ ሲያጣ ይበረታል፤ ሲጠጣ መገቻው ይላላል፤ የሚያዋየው ሰው ሲያገኝ ይቀልለታል። ከዳኑት መካከል ግልጽ የአእምሮ ሕመም የታየባቸው አሉ፤ የስሪላንካ ገጠር ልዩ የሆነው ደግሞ እንዲህ ያለ ሕመም ያልተገኘባቸው፣ በኀፍረት፣ በመዋረድና መውጫ በማጣት የተገፉ ሰዎች ብዛታቸው ነው። ለሁለቱም የሚሠራው እውነት ግን አንድ ነው፦ ሥቃዩ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ወደ ድርጊት የሚሻገርበት ሰዓት ግን አጭር ነው። ያን ሰዓት ያለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይቀጥላል፤ በተለያዩ አገሮች ከሙከራ የተረፉ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በኋላ ራሳቸውን አጥፍተው እንዳልሞቱ አሳይተዋል።

የኬሚካሎቹን ስም በዚህ ጽሑፍ አልጠራም፤ ለጉዳዩ አስፈላጊ አይደለም፣ ማን እንደሚያነብበውም አይታወቅም። ከሚያነቡት መካከል ሐሳቡ የሚመላለስበት ሰው ካለ፣ ለሚያምነው አንድ ሰው ዛሬውኑ በግልጽ ቃል ይንገረው፤ ሰዓቱ ሲከብድ ብቻውን አይሁን፤ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ሌላ ሰው ከቤት እንዲያወጣለት ይጠይቅ፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋምም አብሮት የሚሄድ ሰው ይዞ ይሂድ።

እገዳዎቹ

ስሪላንካ ፀረ-ተባይ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው በ1980 ነው፤ በሕጉ መሠረት ማንኛውም ኬሚካል ወደ አገር ከመግባቱ በፊት የሚመዘግብና የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ሹም ተቋቋመ። የእርሻና የጤና ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት መሥሪያ ቤት በመኖሩ፣ ከሆስፒታል የሚመጣው የሟቾች መረጃ ሳይባክን ለውሳኔ ይደርስ ነበር። ለዚህ ጉዳይ መፍቻ ከሆኑት ነገሮች ሁሉ ይህን ቀድሜ አስቀምጣለሁ። በብዙ አገሮች ሐኪሙ ማን በምን እንደሞተ ያውቃል፤ ኬሚካሉን የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ግን ያንን አይሰማም።

የመጀመሪያዎቹ እገዳዎች በ1984 ተጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በአደገኛነት በመጀመሪያው ደረጃ ከመደባቸው ኬሚካሎች መካከል በእርሻ ላይ የቀሩትን ማስወጣቱ በ1995 ተጠናቀቀ፤ የሞቱ ቁጥር ጫፍ ነክቶ መውረድ የጀመረውም ከዚያ ወዲያ ነው። ነገሩ ያለ እንከን አልሄደም። ገበሬዎች በታገዱት ፋንታ ወደ ሌላ ኬሚካል ሲዞሩ በእርሱ የሚሞቱት ሰዎች በዙ፤ ያም በ1998 ታገደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ይገድሉ የነበሩ ሌሎች ሦስት ኬሚካሎች ከ2008 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ከገበያ ወጡ፤ የሞቱ መጠንም አንድ ደረጃ ተጨማሪ ወረደ።

ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በእንግሊዝ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ዴቪድ ገነልና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጥናት የሥራ አጥነት፣ የመጠጥ፣ የፍቺ፣ የጦርነቱና የጠቅላላው የፀረ-ተባይ አጠቃቀም ለውጦች ከሞቱ መቀነስ ጋር በጊዜ አለመገጣጠማቸውን አሳይተዋል። ከ1996 እስከ 2005 በነበሩት አሥር ዓመታት የሞቱት ሰዎች ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ከሞቱት በ19,769 ያንሱ ነበር። በሌላ መንገድ የሚሞቱት በመጠኑ ቢጨምሩም ቅነሳውን የሚያካክስ አልሆነም። የሆስፒታሎች ሕክምና መሻሻልም ድርሻ አለው፤ ሆኖም ብቻውን እንዲህ ያለ ቁልቁለት ሊያመጣ አይችልም። ከ1995 እስከ 2015 በእገዳዎቹ የዳነው ሕይወት 93,000 ያህል ሆኖ ተገምቷል፤ መንግሥት በቀጥታ ያወጣው ወጪም በአንድ ሕይወት ከ50 የአሜሪካ ዶላር ያነሰ ነው።

ምርት ይጠፋል የሚለው ፍርሃት ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር፤ ለገበሬው የመኖር ጥያቄ ነውና ሊናቅም አይገባም። በእገዳዎቹ ዘመን የሩዝም ሆነ የሌሎች ሰብሎች ምርታማነት መውረዱ አልታየም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ኬሚካል የወጣው ለዚያው ተባይ የሚሆን፣ ለሰው ግን አደጋው ያነሰ ምትክ እያለ ነው። በ2021 የስሪላንካ መንግሥት ማዳበሪያውንም ፀረ-ተባዩንም በአንድ ጊዜ ሲከለክል የደረሰው ከዚህ የተለየ ነው፤ ምርቱ ክፉኛ ወረደ፣ ገበሬው ተቃወመ፣ ክልከላውም በወራት ውስጥ ተነሣ። ሁለቱን ውሳኔዎች አንድ አድርጎ ማየት ሠላሳ ዓመት ተጠንቶ የተሠራውን ሥራ ማጥፋት ይሆናል።

ከእገዳው ጎን ለጎን በ1997 ራስን ማጥፋትን የሚከላከል ፕሬዚዳንታዊ ኮሚቴ ተሠየመ፤ በ1998 ደግሞ ሙከራውን ወንጀል የሚያደርገው ድንጋጌ ከሕጉ ተሰረዘ። የሕጉ መሰረዝ ስንት ሰው እንዳዳነ በቁጥር መለየት ያዳግታል። የዳነ ሰው ግን ለሐኪሙ እውነቱን ሲናገር ከእስር ጋር የማይያያዝበት አገር መኖሩ በራሱ ሕክምና የሚጀምርበት በር ነው።

መቆለፊያ ያለው ሣጥን

በዚህ ጉዳይ ውስጥ በጣም የማከብረው ሥራ ያልተሳካው ነው። ኬሚካሉን ማገድ ካልተቻለ ገበሬው እንዲቆልፍበት ማድረግ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ቀና ይመስላል፤ አምራች ኩባንያዎችም ይወዱት ነበር። ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ክዳን፣ መቆለፊያና ቁልፍ አለው። አስቀድሞ በተደረገ አነስተኛ ሙከራ ገበሬዎቹ ሣጥኑን ወደዱት፤ ልጆችም ከኬሚካሉ ይጠበቃሉ አሉ። ነገር ግን ሣጥኑ ከመምጣቱ በፊት ኬሚካላቸውን በእርሻ ቦታ ያስቀምጡ የነበሩት ቤተሰቦች ሣጥኑ ቤት ሲገባ ኬሚካሉንም ይዘው ገቡ። ቁልፉን የሚይዘው አባወራው ነው፤ ለአደጋው በጣም ከሚጋለጡት አንዱም እርሱ ራሱ ነው።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም። በአኑራዳፑራ አውራጃ በ180 መንደሮች የሚገኙ ከ53,000 በላይ ቤተሰቦችን ያካተተ ጥናት አካሄዱ፤ በዕጣ የተለዩት መንደሮች ሣጥኑን ሲያገኙ ሌሎቹ እንደነበሩ ቆዩ፤ ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው። በ2017 የታተመው ውጤት ሣጥኑ በፀረ-ተባይ ራስን መመረዝን እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ እንዳልተገኘ ገለጸ። ሣጥን ሲሠሩና ሲያድሉ ለኖሩ ሰዎች ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም። ጥናቱ ባይደረግ ግን ሌሎች አገሮች ገንዘባቸውንና ዓመታቸውን በሣጥን ላይ ያፈስሱ ነበር፤ ኃላፊነቱም ከኬሚካሉ ሻጭ ወርዶ በገበሬው ቁልፍ ላይ ይንጠለጠል ነበር።

የቀረው ሥራ

እገዳው ማንንም አላጽናናም። ብድሩ፣ መጠጡ፣ ድብደባው፣ ብቸኝነቱ በቤቱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ የሆስፒታሉ መዝገብም ይህንኑ ይመሰክራል። ልዩነቱ ዛሬ የሚገቡት ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት መውጣታቸው ነው። ሲወጡ ምን ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ጊዜ መልስ አላገኘም። በ1974 የተመሠረተው ሱሚትራዮ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሰውን ሳይፈርዱ የማዳመጥን አገልግሎት ጀምሮ በኋላም ወደ ገጠር መንደሮች ወጥቷል። መንግሥት ደግሞ በታኅሣሥ 2004 የደረሰው ሱናሚ ከ30,000 በላይ ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ የአገሩ ሁሉ ዓይን ወደ ሰው ልብ ስብራት በዞረበት ወቅት፣ በ2005 የአእምሮ ጤና ፖሊሲ አጽድቆ አገልግሎቱን ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወደ አውራጃ ለማውረድና ለዚሁ የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን በየአካባቢው ለመመደብ ተነሣ። ሥራው ተጀምሯል፤ ከገጠሩ ፍላጎት ጋር ሲነጻጸር ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

በተለይ ከሆስፒታል የሚወጣው ሰው ያሳስበኛል። ሰውነቱ ድኗል፤ አልጋው ለሌላ ያስፈልጋል፤ በማግስቱ ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ጠብ ይመለሳል። ነርሷ «ሐሳቡ አሁንም አለ ወይ?» ብላ በግልጽ ብትጠይቀው ሐሳቡን አታነሣሣበትም፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። ብዙ ጊዜ ግን የሚጠይቀው የለም።

ለዚህ ክፍተት የሚሆን አንድ ነገር ከስሪላንካ ጭምር ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባሉ ሆስፒታሎች ያካሄደውና ኮሎምቦ አንዷ የነበረችበት ጥናት ከሙከራ የተረፉ 1,867 ሰዎችን አካቷል። ለአንዱ ወገን የተለመደው ሕክምና ብቻ ተሰጠ። ሌላውን ግን ከሆስፒታል ሲወጣ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ሐሳቡ፣ ስለ ሥቃዩና ወዴት መሄድ እንደሚችል አነጋገሩት፤ ከዚያ በኋላ በስልክ ወይም ቤቱ ድረስ በመሄድ ዘጠኝ ጊዜ ጠየቁት። በ18 ወራት ውስጥ ከመጀመሪያው ወገን 2.2 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 0.2 ከመቶ ራሳቸውን አጥፍተው ሞቱ። ጠያቂው የግድ የአእምሮ ሐኪም መሆን አላስፈለገውም፤ ነርስም ሊሆን ይችል ነበር። የጥየቃው ቀጠሮ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አንደኛው፣ ከዚያም በአራተኛው፣ በስድስተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ስምንተኛው ወር ነበር።